ጀንደር፣ ሶሲዮሎጂ፣ ሶሻል ወርክ ወይስ ሕግ? የዲፓርትመንት ፎርም ለምትሞሉ

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ፍሬሽማን ልትጨርስ ነው፤ የዲፓርትመንት መምረጫ ፎርም በቅርቡ ይሰጣቸዋል። "አንቺ ጀንደር አይደል የተማርሽው? ልሙላው ወይስ ይቅርብኝ?" አለችኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳልነግራት የቀረ ነገር ትዝ እያለኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በየዓመቱ ስንትና ስንት ልጅ በዚህ ፎርም እንደሚጨነቅ ስለማውቅ፣ ለሷ ያልኳትንም ያላልኳትንም እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልንገራችሁ። እኔ ጀንደርን መርጬ አልገባሁም። የሞላሁት ሕግ ነበር፤ ውጤቴ አልደረሰም፤ ሦስተኛ ምርጫዬ ላይ ተመደብኩ። ምደባው የተለጠፈ ቀን ዶርም ገብቼ አለቀስኩ። ማታ አባቴ ደውሎ "ጀንደር ማለት ምንድን ነው? ተመርቀሽ ምን ትባያለሽ?" ሲለኝ መልስ አጣሁ። ሐኪም ሐኪም ይባላል፣ ጠበቃ ጠበቃ ይባላል፣ የኔ ትምህርት ግን መጠሪያ እንኳ የለውም ብዬ ነበር ያዘንኩት። ዛሬ በሙያው እንጀራ እየበላሁ ነው፤ እወደዋለሁም። ግን ለሁሉም ሰው "ግቡበት" አልልም፤ ለምን እንደማልል ከታች ታዩታላችሁ።

ስሙን እናጥራ። ጀንደር በአማርኛ ሥርዓተ ጾታ ነው። ጾታ ይዘነው የምንወለደው ነው። ሥርዓተ ጾታ ደግሞ ማኅበረሰቡ "ይህ የሴት ነው፣ ይህ የወንድ ነው" ብሎ ያከፋፈለው ሥራ፣ ሀብት፣ ክብርና የመናገር መብት ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ስለ ሴቶች ብቻ አይደለም፤ ስለ ክፍፍሉ ነው። አገራችን ውስጥ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጠው፣ ለምሳሌ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ "ጀንደር ኤንድ ዴቨሎፕመንት ስተዲስ" በሚል ስም ነው። ሁለተኛዋን ቃል አትለፏት፤ "ዴቨሎፕመንት" የገባችው በከንቱ አይደለም። ትምህርቱ በብዛት ለፕሮጀክት፣ ለዕቅድና ለፖሊሲ ሥራ የተቃኘ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጀንደርን በሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራል፤ ይህንን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ዲፓርትመንቱ በሁሉም ዩኒቨርሲቲ የለም፤ ያላችሁበት ግቢ መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አራቱን ትምህርቶች በትርጉም ከማወዳደር አንድ ያየሁትን ነገር ብነግራችሁ ይሻላል።

ሦስተኛ ዓመት ሳለን ለፊልድ አማራ ክልል ውስጥ ወደ አንድ ገጠር ቀበሌ ወጣን። አንዲት እናት ቤት ገባን። የመሬት ደብተራቸውን እንዲያሳዩን ጠየቅናቸው፤ ከሳጥን ውስጥ አወጡ፣ በፌስታል ተጠቅልሏል፣ ፌስታሉም በክር ታስሯል። ቀስ ብለው ፈቱት። ገልጠው ሲያሳዩን የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ የሁለቱም ስም ተጽፏል። እኔም "መሬቱ የማነው እማማ?" አልኳቸው። "የሱ ነዋ!" አሉኝ። ይህን ሲሉ ጣታቸው ያረፈው የገዛ ራሳቸው ፎቶ ላይ ነበር።

እንግዲህ ለአንዲት ደብተር አራቱ ዲፓርትመንቶች አራት ዓይነት ጥያቄ ነው ያላቸው። ምርጫችሁም በአብዛኛው እዚህ ላይ ይወሰናል፤ የትኛው ጥያቄ ነው እንቅልፍ የሚነሳችሁ?

የሕግ ተማሪ ደብተሩን ሲያይ "ባልየው ብቻውን ማከራየት ይችላል? ቢፋቱ እንዴት ይካፈላሉ? ቢሞት ማን ይወርሳል? የቱ ፍርድ ቤት ያያል?" ይላል። ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። አገራችን ውስጥ ለሴቶች ከመጡት ትልልቅ ለውጦች ብዙዎቹ በዚህ በር ነው የገቡት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ያንን ሽሮ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፤ የጋብቻ ዕድሜንም ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገ። ክልሎች ደግሞ የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አወጡ። በድሮው የወንጀል ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ነበር፤ ይህ የቀረው ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ያ ሕግ የሴት ልጅ ግርዛትንም ወንጀል አድርጎታል። ከዚህ ሁሉ ጀርባ የኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር አለ። በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከመሥራቾቹ አንዷ ናቸው። የ14 ዓመት ልጅ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን ገድላ ስትከሰስ ጥብቅና የቆመላትና ራሷን ለመከላከል ነው ተብላ በነጻ እንድትሰናበት ያደረገው ይኸው ማኅበር ነው።

ስለዚህ የምትፈልጉት ችሎት ቆሞ መከራከር ከሆነ፣ ወይም አዋጅ ማርቀቅ ከሆነ፣ ውጤታችሁም የሚደርስ ከሆነ፣ ሕግ ግቡ። ይህን የምለው ጀንደር የተማርኩት እኔ ነኝ። ጀንደር ተምራችሁ ጠበቃ አትሆኑም፤ ሕግ ተምራችሁ ግን ጀንደርን በሁለተኛ ዲግሪ መማር ትችላላችሁ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህንን ነው። በሩ ከአንድ ወገን ብቻ ነው የሚከፈተው። ዋጋውም አለ፤ ሕግ 5 ዓመት ነው፣ ንባቡ ከባድ ነው፤ ገጠር ወጥቶ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት የሚወድ ልጅ ሦስተኛው ዓመት ላይ ሊሰለቸው ይችላል።

ሶሻል ወርክ ደግሞ ደብተሩን ሳይሆን እማማን ነው የሚያየው። ዛሬ ማታ ምን ይበላሉ? ቤት ውስጥ ዱላ አለ? ልጃቸው ትምህርት ለምን አቆመች? ማን ጋ ብንልካቸው ይረዳሉ? ሙያው አገራችን ውስጥ ረጅም ታሪክ አለው። ትምህርት ቤቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ በደርግ ጊዜ ተዘጋና እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንደገና ተከፈተ። ሥራው ያለው ጥቃት የደረሰባት ልጅ በምትመጣበት ቦታ ነው። ለምሳሌ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ሕክምናን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን አንድ ጣሪያ ሥር ያሰባሰበ ማዕከል፣ ወይም የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር እንደሚያስተዳድራቸው ዓይነት መጠለያዎች። ኬዝ ወርከር፣ ማለትም ችግር የደረሰባቸውን ሰዎች አንድ በአንድ የምትከታተል ባለሙያ፣ የሆነች ጓደኛ አለችኝ። አንድ ቀን ማታ ቤቴ መጥታ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ለብዙ ደቂቃ ዝም አለች። ምን ሆነሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ሻይ አፈላሁላት። በማግሥቱ ጠዋት በ2 ሰዓት ሥራዋ ላይ ነበረች። እናንተ እንዲህ ዓይነት ሰው ከሆናችሁ፣ የአንድ ሰው ሕይወት ዓይናችሁ እያየ ሲቀየር ብቻ ነው ልባችሁ የሚረካው ከሆነ፣ ጀንደር አያረካችሁም። ጀንደር ውስጥ አንዲት እናት ሳትሆን አምስት ሺህ እናቶች ናቸው የሚታዩት፤ ያውም በአብዛኛው በሪፖርት ላይ።

ሶሲዮሎጂ ደግሞ ሰፊ ሜዳ ነው። ደብተሩን አይቶ "እዚህ አካባቢ ውርስ እንዴት ይተላለፋል? ዘመዳሞች እነማን ናቸው? ሽማግሌው ምን ይላል? ከተማ ቅርብ ሲሆን ነገሩ እንዴት ይለወጣል?" ይላል። ጥቅሙ ይኸው ስፋቱ ነው። የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቆማችሁ አንብቡ፤ "ሶሲዮሎጂ" የሚለው ቃል በየቦታው አለ፤ የጀንደር ባለሙያ የሚፈልግ ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር "ጀንደር፣ ሶሲዮሎጂ፣ ሶሻል ወርክ ወይም ተዛማጅ" ተብሎ ይጻፋል። የሶሲዮሎጂ ምሩቅ የኛን ቦታ ይወዳደራል፤ እኛ ግን የነሱን ቦታ ስንወዳደር "ተዛማጅ" የምትለዋ ቃል ከሌለች ፋይላችን ወደ ጎን ይደረጋል። እኔ ራሴ አንድ መሥሪያ ቤት ሰው ኃይል ክፍል ቆሜ ዲግሪዬ የሚፈለገውን ትምህርት እንደሚሸፍን በኮርስ ዝርዝሬ ሳስረዳ ግማሽ ቀን አሳልፌአለሁ። የሶሲዮሎጂ ጉዳቱም ስፋቱ ነው፤ ተመራቂው ብዙ ነው፣ ውድድሩም ከባድ ነው፤ አንድ ነገር አጥብቆ ሳይዝ አራት ዓመት የሚያልፍበት ልጅ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ጀንደር።

ጀንደር ደብተሩን አይቶ የሚስትየዋ ስም መጻፉን ካረጋገጠ በኋላ ነው ሥራውን የሚጀምረው። ስሟ አለ፤ ታዲያ ለምን "የሱ" አለች? እህሉ ሲሸጥ ብሩን ማን ይቀበላል? የማዳበሪያ ስብሰባ ሲጠራ ማን ይሄዳል? ስብሰባው ጠዋት ከሆነ እሷ ያን ሰዓት የት ናት? ለዚህ የሚሆን የራሱ መሣሪያ አለው። አንዱ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የወጣው የሃርቫርድ ማዕቀፍ ነው፤ አንድን ሀብት መጠቀም መቻልና በሀብቱ ላይ መወሰን መቻል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለይቶ ያስቀምጣል። እማማ መሬቱን ያርሙታል፣ ያጭዱታል፣ ይበሉበታል፤ የሚወስኑት ግን እሳቸው አይደሉም። ሌላው የተመራማሪዋ የካሮላይን ሞዘር ማዕቀፍ ነው። የሴትን ሥራ ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፤ የቤትና የልጅ፣ ገቢ የሚያስገኘው፣ የማኅበረሰቡ። ዕድርና ለቅሶ፣ ሰርግና ክርስትና ላይ ሴቶች የሚሠሩት ሥራ ሥራ ተብሎ ሲቆጠር ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ነው። እናቴ ለሰው ሰርግ ሦስት ቀን ሽንኩርት ስትከትፍ፣ እንጀራ ስትጋግር ያሳለፈችው ጊዜ ስም እንዳለው ያወቅኩ ቀን ክፍል ውስጥ ፈዝዤ ቀረሁ።

ከሁሉም ግን የ24 ሰዓቱ ሠንጠረዥ ነው የማይረሳኝ። ባልና ሚስትን ለየብቻ አስቀምጠን ከንጋት እስከ ንጋት የሚሠሩትን እንጠይቃለን። እዚያው ቀበሌ አንድ አባወራ ከእርሻ ጀምረው ከብት፣ ስብሰባ፣ ገበያ ብለው ቶሎ ጨረሱ። ሚስታቸው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ከእንቅልፍ ተነስተው ጀመሩ። ውኃ፣ እሳት፣ ቁርስ፣ ልጅ፣ በረት መጥረግ፣ አረም፣ ምሳ ማድረስ፣ ወፍጮ... ወረቀቴ ሞላ፤ ገልብጬ ጀርባው ላይ ጻፍኩ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገን ስናነብላቸው ባልየው ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ "ይሄ ሁሉ በአንድ ቀን ነው?" አሉ። ስድብ የለም፣ ክስ የለም፣ ወረቀት ብቻ። ጀንደር የገባኝ ያን ቀን ነው።

እንግዲህ ትምህርቱ ይህን ይመስላል። የሥራው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እውነቱን ማወቅ አለባችሁ።

መንግሥት ቤት ቦታ አለ። የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ከሚኒስቴር እስከ ወረዳ መዋቅር አለው፤ ሌሎች መሥሪያ ቤቶችም የሴቶች ጉዳይ ክፍል አላቸው። ደመወዙ የመንግሥት ደመወዝ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የቤት ኪራይ ከፍሎ ለመኖር አይበቃም። በጀቱም ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ማርች 8 ሲደርስ ሁሉም ያስታውሳችኋል፣ ከዚያ በኋላ መኪና ለፊልድ ለማግኘት እንኳ ትለምናላችሁ። የተሻለ የሚከፍለው ኤንጂኦ ነበር። "ነበር" ያልኩት አውቄ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ሲቆም፣ ከዚያም የአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ፣ ብዙ ፕሮጀክት በአንድ ጊዜ ተዘጋ። የማውቃቸው ጥሩ ጥሩ ባለሙያዎች ቤታቸው ተቀመጡ። አንድ ድርጅት ብር ሲያጥረው መጀመሪያ ከሚቀንሳቸው ቦታዎች አንዱ የጀንደር ባለሙያ ነው። ይህን ሳታውቁ እንድትገቡ አልፈልግም።

ታዲያ ማን ይግባበት? የ24 ሰዓቱን ሠንጠረዥ ሳወራ ልቡ የተነሳ ልጅ ይግባ፤ ግን ዲግሪውን ብቻውን ይዞ እንዳይወጣ። ከጎኑ አንድ እጅ ላይ የሚጨበጥ ሙያ ያስፈልጋል። እኔን ያተረፈኝ ቁጥር ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ስታቲስቲክስ ስንማር ግማሹ ክፍል "እኛና ቁጥር ምን አገናኘን" ብሎ ተወው፤ እኔ አንድ ሲኒየር ይዤ ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የዳታ መተንተኛ ሶፍትዌር ተማርኩ። ከዚያ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዳታ ተመዝግቦ በነጻ ማውረድ እንደሚቻል አገኘሁ። በ2016ቱ እ.ኤ.አ. ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል። ይህን ሁሉም ሰው ሪፖርት ላይ ይገለብጠዋል። ዳታውን ራሳችሁ ከፍታችሁ በዕድሜና በክልል ስትከፋፍሉት ግን የወጣቶቹ ቁጥር ከእናቶቻቸው ዝቅ እንደሚል፣ አንዱ ክልል ከሌላው ምን ያህል እንደሚራራቅ ታያላችሁ። ይህንን መሥራት የሚችል የጀንደር ምሩቅ ሥራ ሲጠብ እንኳ ይፈለጋል። ኮቦ ቱልቦክስ በሚባለው የዳታ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር ላይ መጠይቅ መሥራትም ተማሩ፤ ኢኑመሬተር፣ ማለትም እየዞረ መጠይቅ የሚያስሞላ፣ ሆኖ ከመቀጠር መጠይቁን ወደሚያዘጋጅ ሰው የሚያሻግር ነገር ነው። አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ የምትችሉ ደግሞ ይህ ችሎታችሁ ሲቪ ላይ ከላይ ይቀመጥ እንጂ ከታች አይደበቅ።

የመውጫ ፈተናም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በፈተናው 50 በመቶ ሳያመጣ ዲግሪውን አይዝም። ትልልቅ ዲፓርትመንቶች የድሮ ጥያቄና የጥናት ቡድን ሞልቷቸዋል፤ ትንሽ ዲፓርትመንት ከሆነ በአብዛኛው ራሳችሁ ናችሁ የምታዘጋጁት። ከመምረጣችሁ በፊት አምና የወሰዱትን ልጆች ፈልጋችሁ ስንቱ እንዳለፈ ጠይቁ።

ወንዶች ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁ፦ አዎ፣ ግቡ። ከኛ ክፍል ወንዶች ነበሩ፤ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ብዙ ተቀልዶባቸዋል። ፊልድ ስንወጣ ግን እኛ ሴቶቹ የማንገባበት ቦታ፣ የሽማግሎቹ ዋርካ ሥር፣ የገቡት እነሱ ናቸው። ያን አባወራ 24 ሰዓቱን የጠየቃቸው ወንድ የክፍል ጓደኛዬ ነው። እኔ ብሆን ያን ያህል ባልነገሩኝ ነበር።

ናቹራል ሳይንስ ያላችሁ ከሆነ ፐብሊክ ሄልዝ በሥነ ተዋልዶ ጤና በኩል እዚሁ ጉዳይ ላይ ያደርሳችኋል፤ የሥራ ገበያውም ከኛ ሰፊ ነው። ውጭ ያላችሁ፣ በተለይ አሜሪካ ኮሌጅ የምትጀምሩ፣ የናንተ ምርጫ ከኛ ቀላል ነው። ትምህርቱ እዚያ "የሴቶች ጥናት" በሚል ስም ራሱን የቻለ ፕሮግራም ሆኖ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ሳንዲያጎ ስቴት ነው፤ ዛሬ በብዙ ግቢ ማይነር (ከዋናው ጎን የሚያዝ ሁለተኛ ትምህርት) አድርጋችሁ ከነርሲንግ ወይም ከኢኮኖሚክስ ጋር መያዝ ትችላላችሁ። ከወላጅ ጋር ጦርነት ሳትገጥሙ የሚቻል መንገድ ነው፣ እኔ ብሆን ያንን እመርጥ ነበር።

ለአክስቴ ልጅ መጨረሻ ላይ እንዲህ አልኳት። ውጤትሽ ሕግ የሚያስገባ ከሆነና መጽሐፍ የማያስፈራሽ ከሆነ ሕግን አንደኛ ሙዪ። ካልደረሰሽ፣ ከሰው ጋር ውለሽ የማይደክምሽ ከሆነ ሶሻል ወርክ፤ "ለምን እንዲህ ሆነ?" እያልሽ የምትብከነከኚ፣ ቁጥርም የማትፈሪ ከሆነ ጀንደር። ሶሲዮሎጂን ከሁለቱ በታች አድርጊው፤ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ምን እንደምትፈልጊ ገና ካላወቅሽ መጠለያ ስለሚሆንሽ። ሦስተኛ ምርጫሽ ላይ ደግሞ ዝም ብለሽ ቦታ ለመሙላት ምንም እንዳትጽፊ፤ እኔ የገባሁት በሦስተኛው ነው።

ትንሽ ዝም አለችና "እማማ ግን በኋላ ምን አሉ?" አለችኝ። ስለ ደብተሩ ነግሬያት ነበር። ስንወጣ "እንግዲያ ይሄ ፎቶ ለምንድነው?" ብለው ጠይቀውናል። ተቀምጠን ነገርናቸው፣ ሁለት ጊዜ ደገምንላቸው። ደብተሩን መልሰው በፌስታል ሲጠቀልሉ ክሩን አላሰሩትም።